የባሕረ ሐሳብ ስሌት ለፕሮግራሚንግ ጀማሪዎች፦ ከተለዋዋጭ እስከ ፍተሻ

መግቢያ

ፕሮግራሚንግን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚማር ተማሪ ሁለት ሸክሞችን በአንድ ጊዜ ይሸከማል። አንደኛው ጽንሰ ሐሳቡ ራሱ ነው፤ ሁለተኛው ጽንሰ ሐሳቡ የቀረበበት ምሳሌ ነው። ከውጭ የመጡ የመግቢያ መጻሕፍት በአብዛኛው የፋራናይትን ሙቀት ወደ ሴልሺየስ መለወጥን፣ የዶላር ወለድን ወይም በግሪጎርያን አቆጣጠር አንድ ዓመት የካቲቱ 29 ቀን መሆን አለመሆኑን መለየትን ምሳሌ ያደርጋሉ። ፋራናይትን በሕይወቱ ተጠቅሞበት የማያውቅ ተማሪ ፕሮግራሙ የሰጠው ውጤት ትክክል ይሁን ስሕተት በራሱ ሊፈርድ አይችልም፤ መጽሐፉ የሰጠውን ቁጥር ከማመን ሌላ አማራጭ የለውም። ፍተሻ የሚባለው የሙያው ግማሽ እንዲህ ባለ ምሳሌ ገና ከመነሻው ከትምህርቱ ይወጣል።

ይህ አጭር ጽሑፍ የተለየ ምሳሌ ያቀርባል። የባሕረ ሐሳብ ስሌት፣ ማለትም የአጽዋማትንና የበዓላትን ዕለት የማውጣት ጥንታዊ ዘዴ፣ ተለዋዋጭን፣ እሴት መስጠትን፣ የሙሉ ቁጥር ማካፈልን፣ ሁኔታን፣ ዝርዝርን፣ ፈንክሽንንና ድግግሞሽን በአንድ ችግር ውስጥ አሟልቶ ይዟል። ከዚህም በላይ መልሱ በየቤቱ ግድግዳ ላይ በተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ታትሞ ይገኛል።

የጀማሪዎች ችግር በጥናት ሲታይ

ቤኔዲክት ዱ ቡላይ በ1986 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ የጀማሪዎችን ችግሮች ሲዘረዝር «ታሳቢ ማሽን» ተብሎ ሊተረጎም ለሚችለው ሐሳብ ትልቅ ቦታ ሰጥቷል። ታሳቢ ማሽን ተማሪው በአእምሮው የሚስለው፣ ትእዛዞችን አንድ በአንድ የሚፈጽም የኮምፒውተር ምስል ነው። ምስሉ የተዛባ ከሆነ ተማሪው የቋንቋውን ሰዋስው በሚገባ ቢያውቅም የጻፈው ፕሮግራም ምን እንደሚሠራ መተንበይ አይችልም። በማይክል ማክራከን የተመራው ዓለም አቀፍ ቡድን በ2001 እ.ኤ.አ. በበርካታ ተቋማት ያካሄደው ጥናትም የመጀመሪያውን ኮርስ የጨረሱ ተማሪዎች ብዙዎቹ ከመምህራኖቻቸው ግምት እጅግ በታች መሆናቸውን አሳየ። ሬይመንድ ሊስተርና ባልደረቦቹ በ2004 እ.ኤ.አ. ጉዳዩን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ መለሱት፦ ከተማሪዎቹ ብዙዎቹ የተጻፈ አጭር ኮድን በወረቀት ተከትለው ውጤቱን በትክክል ማውጣት ይቸገሩ ነበር። መጻፍ የተሳናቸው ማንበብ ስላልቻሉ ነው ለማለት የሚያስደፍር ግኝት ነው።

ስለዚህ የመግቢያ ምሳሌ ሊመዘንበት የሚገባው የመጀመሪያ መስፈርት በእጅ ሊሰላ መቻሉ ነው። ባሕረ ሐሳብ ለዘመናት በእጅና በቃል ሲሰላ የኖረ በመሆኑ ይህን መስፈርት ያለ ጥርጥር ያሟላል።

ስሌቱ

በቤተ ክርስቲያን ትውፊት የስሌቱ ደራሲ የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ድሜጥሮስ እንደሆነ ይነገራል። ለማስተማሪያ የሚያስፈልገው የስሌቱ እምብርት ጥቂት መስመሮች ናቸው። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ሲደመር ዓመተ ዓለም ይገኛል። ዓመተ ዓለሙ ለ19 ተካፍሎ ከሚተርፈው ላይ አንድ ሲቀነስ ወንበር ይሆናል። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል የሚቀረው አበቅቴ፣ በ19 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል የሚቀረው መጥቅዕ ነው። በሐሳዊ ኮድ ሲጻፍ እንዲህ ይሆናል፦

ዓመተ_ዓለም ← 5500 + ዓመተ_ምሕረት
ወንበር ← (ዓመተ_ዓለም ቀሪ 19) − 1
አበቅቴ ← (ወንበር × 11) ቀሪ 30
መጥቅዕ ← (ወንበር × 19) ቀሪ 30

ለ2016 ዓ.ም. ዓመተ ዓለሙ 7516 ነው። ለ19 ሲካፈል 11 ይተርፋል፤ ወንበሩ 10፣ አበቅቴው 20፣ መጥቅዑ 10 ይሆናል። ተማሪው አራቱን መስመሮች በወረቀት ላይ ሠንጠረዥ ሠርቶ፣ በየመስመሩ የትኛው ስም የትኛውን እሴት እንደያዘ እየጻፈ እንዲወርድ ይደረጋል። ታሳቢ ማሽኑ የሚሳለው በዚህ ሠንጠረዥ ነው። ኮምፒውተር ሳይከፈት አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ለዚህ ሥራ ቢሰጥ አይበዛም።

ስምና እሴት

ተለዋዋጭ የሚለው ቃል በሒሳብ ትምህርት አስቀድሞ የተያዘ ነው። በአልጀብራ ተለዋዋጭ ያልታወቀ ቁጥርን ይወክላል፤ በፕሮግራም ውስጥ ግን በየቅጽበቱ የታወቀ እሴት ያለው ስም ነው። ውዥንብሩን የሚያባብሰው የእኩልነት ምልክት ነው። ሮበርት ሬኮርድ በ1557 እ.ኤ.አ. ሁለት ትይዩ መስመሮችን ለእኩልነት ሲመርጥ ምልክቱ የቀኝና የግራ ወገንን ሚዛን እንዲገልጽ ነበር። ፎርትራን ይህንኑ ምልክት እሴት ለመስጠት ተጠቀመበት፤ አልጎል ሁለት ነጥብ ጨምሮበት ልዩነቱን ለመጠበቅ ቢሞክርም ዛሬ በስፋት የሚሠራባቸው ሲ፣ ጃቫና ፓይተን የፎርትራንን መንገድ ተከትለዋል። ከዚህ የተነሣ «ሀ = ሀ + 1» የሚል መስመር ያየ ጥሩ የሒሳብ ተማሪ ይህ ሊሆን አይችልም ቢል የሚደንቅ አይደለም። በእንግሊዝኛ ለዚህ ድርጊት የተሰጠውን ስም የኢትዮጵያ ተማሪ የሚያውቀው በ«አሳይንመንት» በኩል፣ ማለትም እንደ ቤት ሥራ ብቻ መሆኑም ነገሩን አያቃልለውም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በሰሌዳ ላይ ቀስቱን መጠቀም የሚመከረው ለዚህ ነው።

ባሕረ ሐሳብ እዚህ ላይ አንድ ጥቅም አለው። ወንበር፣ አበቅቴና መጥቅዕ የሚባሉት ስሞች ቀድሞም የየዓመቱ እሴት የሚሰጣቸው ስሞች ናቸው። «የዘንድሮ አበቅቴ ስንት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አበቅቴ ስም እንደሆነ፣ እሴቱ ከዓመት ዓመት እንደሚተካ፣ ያለፈው ዓመት እሴት ከአዲሱ ጋር አብሮ እንደማይኖር ያውቃል። ተለዋዋጭን በሣጥን የሚመስለው የተለመደ ማብራሪያ ግን በሣጥን ውስጥ ሁለት ዕቃ ሊቀመጥ ስለሚችል የተሳሳተ ምስል ይፈጥራል። ስሞቹን በፊደል መጻፍም ይቻላል፦ የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል፤ በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣው ሦስተኛው የፓይተን ትውልድም ተለዋዋጮች በዚሁ ፊደል እንዲሰየሙ ይፈቅዳል። የቋንቋው ቁልፍ ቃላት በእንግሊዝኛ መቅረታቸው አይቀርም፤ ቁጥራቸው ግን ጥቂት ነው።

ቀሪ፣ ዜሮና ሠላሳ

የስሌቱ እጅግ አስተማሪ ክፍል ከዳር ያሉት ዓመታት ናቸው። የ2005 ዓ.ም. ዓመተ ዓለም 7505 ለ19 ያለ ቀሪ ይካፈላል። ከዜሮ ላይ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ አሉታዊ አንድ ይሆናል። ሊቃውንቱ በዚህ ጊዜ ወንበሩ 18 ነው ብለው ያልፋሉ፤ በ19 ዓመት ዑደት ከዜሮ በፊት ያለው 18 ነውና። ፕሮግራሙ ግን ይህን በራሱ አያውቅም። ተማሪው ቅንሳውን ከቀሪው በፊት አምጥቶ «(ዓመተ_ዓለም − 1) ቀሪ 19» ብሎ ቢጽፍ ችግሩ ከሥሩ ይጠፋል፦ 7504 ለ19 ሲካፈል 18 ይተርፋልና። ቅደም ተከተልን መለወጥ ትርጉምን እንደሚለውጥ ከዚህ የተሻለ አጭር ማሳያ ማግኘት ይከብዳል።

በዚሁ ቦታ ቋንቋዎች እንደሚለያዩም ማሳየት ይቻላል። አሉታዊ አንድ ለ19 ሲካፈል የሚኖረውን ቀሪ ፓይተን 18 ሲል ሲና ጃቫ አሉታዊ አንድ ይላሉ። አንድ ዓይነት የሚመስል መስመር በአንዱ ቋንቋ የሊቃውንቱን መልስ፣ በሌላው የማይረባ ቁጥር ይሰጣል።

ሁለተኛው ዳር 2006 ዓ.ም. ነው። ዓመተ ዓለሙ 7506፣ ቀሪው 1፣ ወንበሩ ዜሮ ነው። በሐሳዊ ኮዱ መሠረት አበቅቴውም መጥቅዑም ዜሮ ይሆናሉ። በትውፊቱ ግን አበቅቴው «አልቦ» ሲባል መጥቅዑ 30 ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ መጥቅዕ የወር ቀን ስለሆነ ከ1 እስከ 30 ይሄዳል፤ ዜሮኛ ቀን የሚባል የለም። የግእዝ አኃዝም ለዜሮ ምልክት እንደሌለው በዚህ አጋጣሚ ማስታወስ ይቻላል። ኮምፒውተር ከዜሮ እስከ 29 ሲቆጥር የቀን መቁጠሪያ ከ1 እስከ 30 ይቆጥራል፤ የጀማሪም ሆነ የባለሙያ ስሕተት ትልቁ ድርሻ በእነዚህ ሁለት አቆጣጠሮች መካከል ባለው የአንድ ልዩነት ውስጥ ይገኛል።

ሁኔታ

መጥቅዑ ከ14 ከበለጠ በዓለ መጥቅዕ በመስከረም፣ ካነሰ በጥቅምት ይውላል። መጥቅዑ በትክክል 14 ቢሆንስ? ንቁ ተማሪ ሊያነሣው የሚገባ ጥያቄ ነው። ወንበር ከዜሮ እስከ 18 ያሉ አሥራ ዘጠኝ እሴቶች ብቻ ስላሉት ሁሉንም ማውጣት ይቻላል፤ 14 ከመካከላቸው አይገኝም። ስለዚህ «ይበልጣል» ወይም «ይበልጣል ወይም እኩል ነው» ቢባል ውጤቱ አይለወጥም፤ ይህን ማለት የሚቻለው ግን ከተረጋገጠ በኋላ ነው።

ቀጥሎ በዓለ መጥቅዕ የዋለበት ዕለት ይፈለጋል። ዓመተ ዓለሙ ለ4 ተካፍሎ የሚገኘው ድርሻ መጠነ ራብዒት ይባላል፤ በዓመተ ዓለሙ ላይ ተደምሮ ለ7 ሲካፈል ቀሪው መስከረም 1 የሚውልበትን ዕለት ያመለክታል። ቀሪው ዜሮ ከሆነ ሰኞ፣ 1 ከሆነ ማክሰኞ እያለ እስከ እሑድ ይዘልቃል። ለ2016 ዓ.ም. 7516 ላይ 1879 ሲደመር 9395 ነው፤ ለ7 ሲካፈል 1 ይተርፋል፤ ዓመቱ የገባውም ማክሰኞ ነበር። የዕለታት ስም በዝርዝር ሲቀመጥ ሰኞ በዜሮኛው ቦታ ላይ መሆኑ ከብዙ ቋንቋዎች የዝርዝር አቆጣጠር ጋር ያለ ማስተካከያ ይገጥማል። ማካፈሉ ግን የሙሉ ቁጥር ማካፈል መሆን አለበት። የ2017 መጠነ ራብዒት 1879 እንጂ 1879.25 አይደለም።

በዓለ መጥቅዕ በዋለበት ዕለት የዕለቱ ተውሳክ በመጥቅዑ ላይ ይደመራል፤ የቅዳሜ ተውሳክ 8፣ የእሑድ 7፣ የሰኞ 6፣ የማክሰኞ 5፣ የረቡዕ 4፣ የሐሙስ 3፣ የዓርብ 2 ነው። ድምሩ መባጃ ሐመር ሲሆን ጾመ ነነዌ የሚገባበትን ቀን ይሰጣል። በዓለ መጥቅዕ በመስከረም ከዋለና ድምሩ ከ30 ካልበለጠ ነነዌ በጥር ይሆናል፤ ከ30 ከበለጠ 30 ተቀንሶ በየካቲት ይሆናል፤ በጥቅምት ከዋለ ደግሞ በየካቲት ነው።

በቅርቡ ያለፉ ሦስት ተከታታይ ዓመታት ሦስቱንም መንገዶች ይሸፍናሉ፤ ለመምህር የተዘጋጀ ስጦታ ይመስላል። በ2015 ዓ.ም. መጥቅዑ 21፣ ዕለቱ ቅዳሜ ስለሆነ ድምሩ 29 ነው፤ ነነዌ ጥር 29 ገባ። በ2016 መጥቅዑ 10፣ ጥቅምት 10 ቅዳሜ ስለሆነ ድምሩ 18 ነው፤ ነነዌ የካቲት 18 ገባ። በ2017 መጥቅዑ 29፣ መስከረም 29 ረቡዕ ስለሆነ ድምሩ 33 ነው፤ 30 ተቀንሶ ነነዌ የካቲት 3 ገባ። በአንዱ ዓመት ብቻ የሞከረ ተማሪ ከሦስቱ መንገዶች ሁለቱን ሳይፈትሽ ሥራውን ያስረክባል።

«ከ30 ከበለጠ ቀንስ» የሚለውን በ«ቀሪ 30» መተካት ለብዙ ጀማሪዎች ብልሃት ይመስላል። መጥቅዑ 24 ሆኖ ሰኞ በዋለበት ዓመት ግን ድምሩ በትክክል 30 ነው፤ ትክክለኛው መልስ ጥር 30 ሲሆን «ቀሪ» የሚሰጠው ዜሮ ነው።

ከሰባት ሁኔታ ወደ አንድ ምክንያት

ጀማሪ ተውሳክን ሲጽፍ ሰባት «ከሆነ» ይደረድራል፤ ይሠራል፣ ስሕተትም አይደለም። ከዚያ ሰባቱን እሴቶች ከሰኞ ጀምሮ 6፣ 5፣ 4፣ 3፣ 2፣ 8፣ 7 ብሎ በዝርዝር ማስቀመጥ ይማራል። ሦስተኛው እርምጃ ቁጥሮቹ ከየት እንደመጡ መጠየቅ ነው። ከመስከረም አንድ ቀን እስከ ጥር ተመሳሳይ ቀን 120 ቀናት አሉ፤ ከጥቅምት እስከ የካቲትም እንዲሁ። 120 ለ7 ሲካፈል 1 ይተርፋል። በዓለ መጥቅዕ ቅዳሜ ከዋለ ከአራት ወር በኋላ ያው ቀን እሑድ ይውላል፤ በላዩ 8 ሲጨመር ሰኞ ይሆናል። ዓርብ ከዋለ ቅዳሜ ይሆናል፤ 2 ሲጨመር ሰኞ ነው። ተውሳክ ማለት እንግዲህ ነነዌን ወደ ሰኞ የሚያደርስ ማካካሻ ነው። ይህን የተረዳ ተማሪ የዕለቱን ተራ ቁጥር ከ6 ቀንሶ፣ ተራ ቁጥሩ ከ4 ከበለጠ 7 በመጨመር ሠንጠረዡን በአንድ መስመር ሊተካው ይችላል። ይተካው ማለት ግን አይደለም። ሠንጠረዡ ለአንባቢ ይበልጥ ግልጽ ነው፤ ሊቃውንቱም ያስተላለፉት ሠንጠረዡን ነው።

ፈንክሽን የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው። ከነነዌ መግቢያ እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ 14፣ እስከ ሆሳዕና 62፣ እስከ ስቅለት 67፣ እስከ ትንሣኤ 69፣ እስከ ዕርገት 108፣ እስከ ጰራቅሊጦስ 118 ቀናት ናቸው። ስድስት የተለያዩ ስሌቶች መጻፍ አያስፈልግም፤ የነነዌን ቀንና የቀናቱን ብዛት ተቀብሎ ወርና ቀን የሚመልስ አንድ ፈንክሽን ይበቃል። በእነዚህ ወራት መካከል ሁሉም 30 ቀናት ስላሉት ፈንክሽኑ አጭር ነው። ለ2017 ከየካቲት 3 ተነሥቶ 69 ቀን ሲቆጠር ሚያዝያ 12 ላይ ያርፋል፤ የዚያ ዓመት ትንሣኤ የተከበረበት ዕለት ነው።

ድግግሞሽና ፍተሻ

ባሕረ ሐሳብ በ532 ዓመት አንድ ጊዜ ተመልሶ ይገጥማል፤ የ19 እና የ28 ብዜት ነው። ይህ ዐቢይ ቀመር ለፕሮግራም ፍተሻ ያለው ጥቅም እንደ ዋዛ የሚታይ አይደለም። በተለምዶ ፕሮግራም ጥቂት ናሙናዎች ተመርጠው ይፈተሻል፤ የቀረው በእምነት ይታለፋል። እዚህ ግን ድግግሞሹን 532 ጊዜ በማስኬድ ሊኖር የሚችለውን ሁሉ መፈተሽ ይቻላል። ማነጻጸሪያውንም ትውፊቱ ራሱ አስቀምጦታል፦ ነነዌ ከጥር 17 በፊት፣ ከየካቲት 21 በኋላ አይገባም፤ ትንሣኤም ከመጋቢት 26 እስከ ሚያዝያ 30 ባለው ውስጥ ይውላል። ከዚህ ወሰን የወጣ አንድ ዓመት እንኳ ከተገኘ ፕሮግራሙ ተሳስቷል።

ሌላው ማነጻጸሪያ ነነዌ ሁልጊዜ ሰኞ መግባቱ ነው። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከመስከረም 1 እስከ መስከረም 29 ያሉት 28 ቀናት ናቸው። 29 ብሎ የቆጠረ ተማሪ የ2017ን በዓለ መጥቅዕ ሐሙስ ያደርገዋል፤ ተውሳኩ 3፣ ነነዌም የካቲት 2 ይሆንበታል። የካቲት 2 እሑድ ስለነበረ ፍተሻው ስሕተቱን ሊይዘው ይገባል። ነገር ግን ተማሪው ፍተሻውን የጻፈው በዚያው አቆጣጠር ከሆነ፣ ከመስከረም 1 እስከ የካቲት 2 ያለውን 151 ቀን 152 ብሎ ይቆጥርና ዕለቱን ሰኞ ያገኘዋል። ፕሮግራሙ ተሳስቶ ፍተሻው ያልፋል። ስሕተቱን የሠራው እጅ ፍተሻውንም ስለጻፈው ሁለቱ ተስማሙ። ታትሞ ከወጣ የቀን መቁጠሪያ ጋር ማመሳከር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

የ2006 ዓመትም የራሱ ተንኮል አለው። መጥቅዑን 30 ማድረግ የዘነጋ ተማሪ በዓለ መጥቅዕን «ጥቅምት 0» ላይ ያደርገዋል። «ጥቅምት 0» ግን በቀን ቆጠራ ከመስከረም 30 ጋር አንድ ስለሆነ ዕለቱ ሐሙስ፣ ተውሳኩ 3፣ ነነዌም የካቲት 3 ሆኖ በትክክል ይወጣል። የመጨረሻውን መልስ ብቻ የሚያይ አራሚ ሙሉ ነጥብ ይሰጠዋል።

ገደቦች

ምሳሌው ለሁሉም ክፍል እኩል ይስማማል ማለት አይቻልም። ባሕረ ሐሳብ የቤተ ክርስቲያን ስሌት ነው፤ የኢትዮጵያ የመማሪያ ክፍል ደግሞ የተለያየ እምነት ያላቸው ተማሪዎች የሚቀመጡበት ነው። ጾምና በዓል ሳይነሣ ሊሠራ የሚችለው ክፍል የሲቪሉ አቆጣጠር ነው፦ መስከረም 1 የሚውልበትን ዕለት ማውጣትና ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ሲካፈል 3 የሚተርፍ ከሆነ ጳጉሜን 6 ቀን ማድረግ። ይህ ክፍል ብቻውን ተለዋዋጭን፣ የሙሉ ቁጥር ማካፈልን፣ ቀሪን፣ ሁኔታንና ዝርዝርን ይሸፍናል፤ የሚጎድለው የሦስቱ መንገዶች ቅርንጫፍና የ532 ዓመቱ ፍተሻ ነው። መምህሩ ሙሉውን ስሌት ከመረጠ ደግሞ አበቅቴና መጥቅዕ የሚሉትን ስሞች ሁሉም ተማሪ ያውቃቸዋል ብሎ መነሣት የለበትም። ከተማ ያደገ የኦርቶዶክስ ተማሪም ቢሆን ቃላቱን ሰምቶ ስሌቱን አለማወቁ የተለመደ ነው።

የጽሑፍ ሐረጋትን ማቀነባበር፣ ፋይል ማንበብና ከተጠቃሚ ግብዓት መቀበል በዚህ ምሳሌ በደንብ አይሸፈኑም። የመጨረሻው በቀላሉ ሊጨመር ይችላል፦ ተማሪው ዓመተ ምሕረት እንዲጠየቅ ይደረግና፣ «ሁለት ሺህ አሥር» ብሎ በፊደል ለጻፈ፣ ወይም በ፳፻፲ መልክ በግእዝ አኃዝ ለጻፈ ሰው ፕሮግራሙ ምን እንደሚመልስ እንዲያስብበት ይተዋል።